የላምቤቦ አሜን

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ጥቅስ በእግሩ ነበር የሚሄደው። አዎ፣ በእግሩ! ሰው ታመመ ሲባል ሽማግሌው መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ ይነሳል፣ ደርሶ ያነባል፣ ይጸልያል፣ ታዲያ በዚያ አያበቃም። ቃል ይዞ የመጣ ሰው እጁን ሳያቆሽሽ አይመለስም ነበር። ወይ እንሰት ይኮተኩታል፣ ወይ እንጨት ይፈልጣል። እኔ እግሬን ተሰብሬ የተኛሁ ጊዜ፣ ወዳጄ ላምቤቦ ከሞርሲቶ እዚህ ሆሳዕና ድረስ መጣ፣ አንድ መዝሙር አነበበልኝ እና ሦስት ቀን ሙሉ ጓሮዬን ኮተኮተ። «በቃህ፣ ሚስትህ ትቆጣለች» ስለው፣ «አንተ ዝም ብለህ ተኛ፣ ስብከቴን አልጨረስኩም» ይለኛል፣ መኮትኮቻውን እያሳየ።

እናንተ አሁን «ጋሼ፣ የጠዋት ጥቅስዎን ለምን አቆሙ?» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ ስሙኝ።

ከመምህርነቴ ጡረታ ስወጣ ልጄ ቴሌግራም አስተማረችኝ እና በየጠዋቱ አንድ ጥቅስ፣ ከሥሩ የራሴን ማበረታቻ እየጨመርኩ፣ ለማውቀው ሁሉ መላክ ጀመርኩ። ታዲያ አሜን ይዘንባል! ከሆመቾ አሜን፣ ከዱራሜ አሜን። ምን እደብቃችኋለሁ፣ ልቤ ያብጥ ነበር። ከሁሉ ቀድሞ አሜን የሚለኝ ላምቤቦ ነው። እና አሜን ካለ ደህና ነው እላለሁ። ደህና ለሆነ ሰው ለምን ይደወላል? ለምንስ ይኬዳል? ሞርሲቶ እኮ በጠዋት ሚኒባስ ብሳፈር ለምሳ ቤቴ እገባለሁ! አልሄድኩም። አልሄድኩም!

አንድ ቀን ቀትር ላይ የላምቤቦ ጎረቤት ደወለ።

«መምህር፣ ላምቤቦ አረፈ።»

«የትኛው ላምቤቦ?»

«የእርስዎ ላምቤቦ።»

«ሂድ አንተ! ዛሬ ጠዋት አሜን ብሎኛል!» ብዬ ጮህኩበት። ሰውዬው የቀብሩን ሰዓት ነገረኝ።

እና ሄድኩ። ለቀብር ጊዜ መንገዱ አልራቀብኝም። ጓሮውን አረም ውጦታል። ሚስቱ ታደለች ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች።

«ምን ነካው?» አልኳት።

«ሰባት ወር ተኝቷል፣ መምህር። ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት። ዓይኑም ደክሞ ስለነበር ጥቅስዎን የማነብለት እኔ ነኝ፣ አሜኑንም የምጽፈው እኔ ነኝ።»

«ሰባት ወር! ታዲያ ለምን አልጻፍሽልኝም? ታሟል ብለሽ አንድ ቃል!»

ቀና ብላ አየችኝ እና «እንዴ መምህር! ለእግዚአብሔር ቃል መልሱ አሜን ነው እንጂ ሌላ ምን ይጻፋል? በጥቅስ ሥር ቅሬታ ይጻፋል?» አለችኝ። አላሾፈችም እኮ! ከልቧ ነው። ያስተማርናት እኛው ነን፣ አሜን በሉ፣ አሜን በሉ እያልን።

«እሱስ ምን ይል ነበር?» አልኳት። ምነው ባልጠየቅኩ!

«‹ወዳጄ ሆይ፣ ብቻህን አይደለህም› ብለው የጻፉለት ቀን፣ ‹እስቲ ድገሚልኝ› አለኝ። ደገምኩለት። ‹ታዲያ የታለ?› ብሎ ወደ በሩ አየ፣ ቆየ፣ ቆየ። ኋላ ‹በይ አሜን በይለት፣ ይከፋዋል› አለኝ።»

ሰማችሁ? ይከፋዋል! የሚሞተው እሱ፣ እንዳይከፋው የሚታሰብለት እኔ! ያንን መልእክት እኮ ከአልጋዬ ሳልወርድ፣ ብርድ ልብሴን እንደተከናነብኩ ነው የላክሁት። አፈርኩ፣ ልጆቼ። በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ቃሉ ምንም አላጠፋም፣ ቃሉን ወቀሰ እንዳትሉኝ። የሰነፈው ተሸካሚው ነው።

(ከአድማጮቹ አንዷ፦ «ግን ጋሼ፣ ስንቱ ሰው በጥቅስዎ ይጽናና ነበር እኮ!»)

እህ! (ይስቃል።) መጽናናትስ ተጽናንተናል። ሰባት ወር ሙሉ፣ በየጠዋቱ፣ ላምቤቦ አሜን ባለ ቁጥር፣ ከእኔ የበለጠ የተጽናና ማን አለ?