ለክብሩ ሲባል በንጉሡ ሠ

ሞኝነቴን ልናዘዝ፤ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ እግሬ ሥር የነበረውን ከረጢት ዱባ መስሎኝ ጫማዬን አሳረፍኩበት።

«ኧረ እግርዎን ያንሱ ጋሼ፣ እናታችን ናት!» አለች ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ። ደንግጬ ሳነሳ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ይኸው፣ በአንተ የተነሳ መረገጫ ሆነች።»

«እኔ ምን አደረግኩ እትዬ?»

«ምን አደረግኩ ይለኛል! ያ ዝነኛ ቀራፂ ገና በወጣትነቱ እኛ ቤት ተከራይቶ ሳለ የእማዬን ፊት ከጥድ ጠረበ። የሙዚየሙ ባለሙያ አይታ የእሱ ሥራ ነው ካለች ሙዚየም ይገባል፣ የእማዬም ስም ከሥሩ ይጻፋል ተባልን። አንተስ?»

«ፊርማ የለውም እንዳይሉን ፈረምኩለት።»

«በሚስማር!»

«በአዲስ ሚስማር።»

«ሰውየው ስሙን የሚጽፈው በእሳቱ ሰ! አንተ የጻፍከው በንጉሡ ሠ!»

«ትልቅ ሰው አይደል? ለክብሩ ብዬ ነዋ።»

«ክብር ይንሳህ! ‹ፊርማው ሐሰት ከሆነ ፊቱንስ በምን ልመን?› ብላ መለሰችን።»

«ፊቱማ ቁርጥ እማዬ ነው።»

«እሷ እማዬን የት ታውቃታለች?»



አንኮበር ስንወርድ ወንድምየው ከረጢቱን ታቅፎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ የተማሩ ይመስላሉ። ሚስማሩ ኪሴ ውስጥ አለ፤ አሁን በእሳቱ ሰ ባስተካክለውስ?»

ከረጢቱን ከእቅፉ ወስጄ ለእህቱ ሰጠኋት።