የክራይንሮትን ታሪክ የጻፉት የአቶ ዓምሃ ተክለጻድቅ ዜና ሕይወት

ዛሬ የምንሸኛቸው አቶ ዓምሃ ተክለጻድቅ ከአባታቸው ከአቶ ተክለጻድቅ ወንድይራድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉ አድነው በ1940 ዓ.ም. ወረኢሉ ተወለዱ። በመምህርነት ሠልጥነው ደሴ ዘጠኝ ዓመት ጂኦግራፊ ካስተማሩ በኋላ፣ በ1972 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ጋር በሱዳን በኩል ወጥተው ጀርመን ጥገኝነት ጠየቁ፤ እዚያም ክራይንሮት በምትባል፣ ስድስት መቶ ሰው በሚኖርባት የገጠር መንደር እንዲቀመጡ ተደረገ። ልጃቸው ቤቴል በዚያች መንደር ተወለደች፤ ወይዘሮ ፀሐይም በ1978 ዓ.ም. አርፈው በዚያው ተቀበሩ።

ከሦስት ዓመት በኋላ አቶ ዓምሃ ልጃቸውን ይዘው ዘመድ ወዳለበት ወደ ኦስሎ መጡ። ቬስትሊ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር እየኖሩ ሃያ ሁለት ዓመት በትምህርት ቤት ጽዳት ሠሩ። ሌላ ትዳር አልመሠረቱም። ቤቴል እናቷ ያረፈችበትን ቦታ ማወቅ አለባት ብለው፣ ከሥራ መልስ የክራይንሮትን መልክዓ ምድርና ታሪክ በአማርኛ ይጽፉ ነበር። በመቶ አርባ ገጹ ውስጥ የኮረብታዋ ከፍታ፣ የወንዟ መነሻ፣ ወፍጮ ቤቷን በየተራ የያዙት ቤተሰቦች፣ ቤተ ክርስቲያኗ የተቃጠለችበት ዓመት፣ ከሁለቱ ጦርነቶች ያልተመለሱት ወንዶች ስም ሰፍሯል።

በ2004 ዓ.ም. ጽሑፉን ጨርሰው ከቤቴል ጋር ወደ መንደሯ ሲሄዱ፣ የወይዘሮ ፀሐይን መቃብር ሣር በቅሎበት፣ ድንጋዩም ተነሥቶ አገኙት። በዚያ መካነ መቃብር ቦታው የሚሰጠው ለሃያ አምስት ዓመት ነው፤ ካልታደሰ ይነሣል። ማሳሰቢያው የተላከው ወደ ቀድሞ አድራሻቸው ነበር። እኛ መቃብር ይታደሳል ብለን ስለማናስብ፣ ስለ መንደሯ ሁሉን ጠይቀው የጻፉት አቶ ዓምሃም ይህን አልጠየቁም። የቀብሩን ዕለት ፎቶግራፍ ይዘው፣ በፎቶው ላይ ከሚታዩት ግንብና ዛፍ ርቀቱን ለክተው ካርታ ሠሩ፤ መቶ አርባ አንደኛው ገጽ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ አልጻፉም።

በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥቅምት 24 ቀን 2009 ዓ.ም. አረፉ። በመጨረሻው ሳምንት ለልጃቸው «ቤቲዬ፣ እዚህም በሃያ ዓመቱ ማደስ አለ። ቤት በቀየርሽ ቁጥር አድራሻሽን ለማዘጋጃ ቤቱ፣ ለኮሙኑ ንገሪ» አሏት። «አባዬ፣ ደክሞሃል፣ ተኛ» ብትላቸው፣ «ደክሞኛል። አንቺ ግን ጻፊው» አሏት።

ከኋላቸው ልጃቸውን ቤቴልንና የልጅ ልጆቻቸውን መክብብንና ፍሬን ትተዋል። ቤቴል ዛሬ ጠዋት አድራሻዋን በመካነ መቃብሩ ጽሕፈት ቤት አስመዝግባለች፤ ከሥሩም የሁለቱን ልጆቿን ስም።

እግዚአብሔር ለደከመች ነፍሳቸው የዓመት ገደብ የሌለበት ማረፊያ ይስጥልን፤ አሜን።