ቁጥር የተጻፈባቸው ድንጋዮች

የሰው ወሬ መስማት አልወድም። ግን ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄደው ሚኒባስ ጠባብ ነው፤ ከኋላዬ አንድ የቋሪት ሽማግሌና አንድ ወጣት ተጣብቀው ተቀምጠዋል። ወጣቱ ለእብነ በረድ ማውጫ ብድር የሚጠየቅበትን የአዋጭነት ጥናት የሚጽፍ ነው። ቀድመው ወጣቱን ያወቁት ሽማግሌው ናቸው።

«አንተ! እኔ ጓሮ ድንኳን ተክለህ የከረምከው አይደለህም?»

«ኧረ አባባ! እንዴት ከረሙ?»

«እግዜር ይመስገን። እናንተ ከሄዳችሁ ወዲህ ጸጥ አለ እንጂ። መቼ ነው የምትመለሱ?»

«አንመለስም። ባንኩ ብድሩን ከለከለ።»

«ምነው፣ ድንጋዩ ከፋ?»

«ድንጋዩስ ጥሩ ነው። እሱን ለማውጣት መንገድ መሥሪያው ወጪ ግን ከትርፉ ይበልጣል።»

«አንተ ምን ብለህ ጻፍክ?»

«ያው... አያዋጣም ብዬ።»

«ዶሮዬን በልተህ?»

«ዶሮዋማ አዋጭ ነበረች፣ አባባ።»

ሁለቱም ሳቁ። ሽማግሌው ቀድመው አቆሙ።

«እኔ እኮ ድንጋዮቻችሁን እየጠበቅሁ ነው።»

«የትኞቹን?»

«ቁጥር የጻፋችሁባቸውን። ቀለሙን ዝናብ እንዳያጥበው ቤት አስገብቼ መደቡ ላይ ደርድሬያቸዋለሁ።»

«እነዚያ የተረፉ ናሙናዎች ናቸው፤ ይጣሏቸው።»

«ሰው መጥቶ ቢጠይቀኝስ?»

«ማንም አይመጣም፣ አባባ።»



«እንግዲያው እዚያው ይቀመጡ። ልጆቼ ከቤት ከወጡ ወዲህ መደቡ እንደሆነ ባዶ ነው።»

ማንኩሳ ላይ ወራጅ ነበርኩ፤ ረዳቱ ሁለት ጊዜ «ማንኩሳ ወራጅ!» ብሎ ቢጣራም ጆሮዬ ከኋላዬ ስለነበር ሳልወርድ አለፍኩ።