ባለቤቱ ያልመጣ ባና

ወደ መሐል ሜዳ ከተማ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ ያሉት አሮጊት ጎናቸው የተቀመጠውን ወጣት ያዋሩታል።

«የማን ልጅ ነህ?»

«ሞላሌ ሱቅ የነበራቸው የአቶ ተሰማ የልጅ ልጅ ነኝ።»

«ሱቁ አለ?»

«ተካፍለነዋል፣ እማማ። አጎቴ በድርሻው ሞባይል ቻርጅ ያደርግበታል። ያልተካፈልነው አንድ የበግ ፀጉር ባና ብቻ ነው።»

«ምነው?»

«አደራ ነዋ! አንድ ገበያተኛ አስቀምጦት ሳይመለስ ቀረ። አያቴ "ባለቤቱ ይመጣል" እንዳሉ ሞቱ። ብል እንዳይበላው በየመስከረሙ ብርድ ልብሱን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን።»

«ጥቁር ነው? ጠርዙ ነጭ?»

«በምን አወቁ?»

«የአባቴ ነው። ሊወስደው ሲመለስ ሱቁ ተዘግቶ አገኘው። ደግሞ መጥቶ መጠየቅ ሞት መሰለው። ሆን ብሎ ዘግቶ ካደኝ ብሎ፣ ሞላሌን ዳግም ሳይረግጥ ሞተ።»

«አያቴ በገበያ ቀን ሱቁን የዘጉት እኮ አንዴ ብቻ ነው፤ ሴት አያቴን ምጥ ይዟቸው። እናቴ የተወለደች ዕለት ነው።»

«እኛ ደግሞ ሰውየውን ሌባ እያልን አደግን።»

«ይምጡና ይውሰዱት፣ እማማ።»

«በምን ዓይኔ?»

ረዳቱ «ሞላሌ ወራጅ አለ?» ብሎ ሲጣራ፣ መሐል ሜዳ ድረስ የምሄደው እኔ «አለ» ይሉ ይሆን ብዬ የእማማን አፍ አፍ ማየት ጀመርኩ።