የሰፊው ኬዝ ቀዳዳዎች

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር ኃላፊያችን አቶ ጌታሁን፣

ከሥራ ሰዓታችሁ ቀንሳችሁ ይህን ሁሉ ስላሰናዳችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ጋቢው አምሮብኛል፤ አላማረብሽም የሚል ካለ እቤቴ መጥቶ ይንገረኝ፣ ከእንግዲህ ጊዜ አለኝ።

ቀልዴን ሰምታችሁ ደስ ብሏታል እንዳትሉ። ፈርቼ ነው። መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ ደርግንም አየሁ፣ ግምገማውንም አየሁ፤ እንደ ዛሬ ግን ፈርቼ አላውቅም። የጡረታ ወረቀቴ ገና አልተፈረመም፤ አቶ ጌታሁን ጠረጴዛ ላይ ነው። ይህን እያወቅሁ ነው የምናገረው።

ክንዱን ታውቁታላችሁ። የኮምፒውተር ባለሙያችን ነበር፤ ዛሬም ከፈረስ ቤት ድረስ እኔን ሊሸኝ መጥቶ ያው ከኋላ ተቀምጧል። አዲሶቹ ግን ለምን ወደ ፈረስ ቤት እንደሄደ አታውቁም።

ከአራት ዓመት በፊት፣ በሚሊኒየሙ ዓመት፣ የገበሬውን የመሬት ይዞታ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እንገለብጥ ነበር። ያኔ የነበረን ማሽን ጠባብ ሳጥን ውስጥ ታፍኖ በየሰዓቱ ይጠፋል። ሌላ ሳጥን፣ ክንዱ ኬዝ የሚለው ማለት ነው፣ ይገዛ ተባለና እኔና እሱ ቡሬ፣ ማህዲ ሱቅ ተላክን። ማህዲ ሦስት ዓይነት አወጣ። የእኔ ዓይን ያረፈው ትንሿ ላይ ነው፤ ሰማያዊ መብራት ነበራት። ክንዱ ግን ትልቁን፣ ጥቁሩን ከፈተና እጁን እስከ ክርኑ አስገባበት። “እጄ የማይዞርበት ውስጥ ንፋስም አይዞርም” አለኝ። ማህዲ ራሱ፣ ሰዉ ጎተራ ነው እያለ ሳይገዛው የቀረ ዕቃ ነው ብሎ ሳቀ። በሚኒባስ ጭኔ ላይ አድርጌ አመጣሁት፤ እስከ ፍኖተ ሰላም መንገዱን አላየሁትም።

ሲገጥመው አጠገቡ ነበርሁ። ሽቦዎቹን ወደ ጎን ሰብስቦ አሰረ፤ ከፊት አንድ ማራገቢያ ንፋስ እንዲያስገባ፣ ከኋላ አንድ ሙቀቱን እንዲያወጣ አደረገ። በመጨረሻ “እትየ ዓባይነሽ፣ አደራ፣ እነዚህን ቀዳዳዎች እንዳይደፍኑብኝ” አለኝ። እሺ አልሁ። በማግስቱ ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄደ።

እኔን ደግሞ ታውቁኛላችሁ፤ አቧራ ጠላቴ ነው። ቢሯችን የአውቶቡሱ መንገድ ዳር ነው፤ በጋ ሲሆን ፋይሉ ሁሉ አንድ መልክ ይይዛል። ስልኩን ዳንቴል ያለበስሁ፣ ታይፑን ያለበስሁ፣ ማኅተሙን እንኳ ያለበስሁ ሰው ያን የሚያህል ሳጥን ራቁቱን ልተወው? የኋላ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ወተፍሁ፣ በፕላስተር ለጠፍሁ፣ ከላይ እስከ ታች ዳንቴል ሰፋሁለት። ገብቶ ያየው ሁሉ እጅሽ ይባረክ አለኝ።

በሦስተኛው ሳምንት የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ቢሮው ውስጥ ብቻዬን ነበርሁ። መጀመሪያ ያደረግሁት ምን መሰላችሁ? ማጥፋት? ሰው መጥራት? ዳንቴሉን ገፍፌ፣ ጨርቁን ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ። ከዚያ ነው ሰው የጠራሁት። ማሽኑ ከነዲስኩ ነዶ አለቀ፤ የሰባት ቀበሌ መዝገብ፣ የስድስት ወር ሥራ፣ ከወረቀቱ ላይ እንደገና ተተየበ።

በግምገማው ቀን ክንዱን አቆሙት። ያን የሚያህል ሳጥን ለምን መረጥህ፣ ከነጋዴው ጋር ምን አለህ ተባለ። ኪራይ ሰብሳቢ የሚለው ቃል ተነሣ። ያ ቃል ከተነሣ ምን እንደሚከተል እዚህ ያለን ሁሉ እናውቃለን። እሱም ዘወር ብሎ እኔን አየኝ። ስንመርጥም ስገጥመውም አብረውኝ ነበሩ፣ እሳቸው ይጠየቁ አለ።

“እኔ ስለ ኮምፒውተር ምን አውቃለሁ?” አልሁ።

ይህችን ብቻ ነው ያልሁት። እሱ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት ፈረስ ቤት ተዛወረ፤ እድገቱም ቀረ። እኔ አራት ዓመት ሙሉ በር በተንኳኳ ቁጥር እየደነገጥሁ ኖርሁ። ልጆቼን ፈራሁ፣ የንስሐ አባቴን ፈራሁ። ከሁሉ የሚብሰው ግን ክንዱ ለበዓል ሲደውልልኝ ነበር። እትየ፣ እንዴት ነዎት ይለኛል፤ ደህና ነኝ ብዬ ቶሎ እዘጋበታለሁ።

አቶ ጌታሁን፣ እዚህ ስደርስ ሀሳቤን እለውጣለሁ ብዬ ስለፈራሁ፣ ጠዋት ደብዳቤ ጽፌ መዝገብ ቤት አስገብቻለሁ። ቁጥር ወጥቶለታል። ቁጥር የወጣለትን ወረቀት ማጥፋት እንደማይቻል ያስተማርኋችሁ እኔው ነኝ። ማስጠንቀቂያው ከክንዱ ማኅደር ይውጣና የእኔ ውስጥ ይግባ። ጡረታዬን የሚነካ ከሆነም ይንካው። አልዋሽም፣ ሌላ መተዳደሪያ የለኝም።

ክንዱ፣ ልጄ፣ እዚህ ይቅርታ አልጠይቅህም። በሰው ፊት ከጠየቅሁህ እምቢ ማለት አትችልም፤ ሁሉም ተነሥቶ እሺ በላት ይልሃል። ፈረስ ቤት ድረስ እመጣለሁ። ያኔ በርህን ብትዘጋብኝ የሚያይህ የለም።

እናንተን ግን ልመርቅ። እግዜር ጤና ይስጣችሁ። ልጆቻችሁ ለወግ ለማዕረግ ይብቁ። ሰው ቆሞ በሚጠየቅበት ቀን የምታውቁትን የምትናገሩበት አንደበት አይንሳችሁ። ፍርሃታችሁም ከእናንተ ቀድሞ ጡረታ ይውጣ፤ የእኔ ይኸው ዛሬም አብሮኝ ቆሟል።