ከአሳማ ነው የተባለው መድኃኒት

የሰው ወሬ ማዳመጥ ነውር ነው እያልኩ ልጆቼን የምቆጣ አባት ነኝ፤ ያን ቀን ከቱሉ ዲምቱ ወደ ሳሪስ አቦ በታክሲ ስሄድ ግን አዳመጥኩ። ከፊቴ አንድ ሐጂ ባለሱቅና አንዲት ነርስ ተቀምጠዋል። ሐጂው ሁለተኛ ጠርሙስ ውኃ ሲጨርሱ ነርሷ ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ስኳር አለብዎት እንዴ?»

«አለብኝ። ኢንሱሊኑን ግን ከተውኩት ሦስት ቀኔ ነው። ይኸው፣ ለፋርማሲው ልመልሰው ነው።»

«ምነው?»

«ከአሳማ ነው የሚሠራው አሉኝ።»

«ማን አለዎት?»

«መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ነው አሉ።»

«መጽሐፉ አርጅቷል፣ አባባ። ሐኪሞች የውሻ ቆሽት አውጥተው ውሻው ስኳር ሲይዘው አዩ። ከዚያ መድኃኒቱን ከውሻ ቆሽት አወጡት፤ በኋላ ከበሬም ከአሳማም ይወስዱ ነበር።»

«ጭራሽ ውሻም ጨመርሽልኝ!»

«ያስጨርሱኝ እንጂ! ከዚያ በፊት ስኳር የያዘው ልጅ እየከሳ ይሞት ነበር። ዛሬ የሰውን ኢንሱሊን የሚሠራው እርሾ ነው። እስቲ ካርቶኑን ያምጡት። ይኸው፣ ወረቀቱ በእርሾ የተሠራ ይላል።»

«ሊጥ የሚያቦካው እርሾ?»

«የእሱ ዘመድ።»

«እርሾማ ቤቴም አለ! ያንን አንባቢ ባገኘሁት!»

«እሱን ይተዉትና አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ገብተው ስኳርዎን ይለኩ። ሦስት ቀን ቀልድ አይደለም።»

«ወራጅ አለ!» አሉ ሐጂው፣ ገና ቃሊቲ ሳንደርስ።

ባለፈው ሳምንት ስኳር ላለበት ጎረቤቴ የአሳማውን ነገር ከመጽሐፍ ያነበብኩለት እኔ ነበርኩና፣ ከሐጂው ኋላ ወርጄ ወደ ጎረቤቴ የሚመልሰኝ ታክሲ ያዝኩ።