የጋሼ የወባ ክኒን

ሾርላይን ባቡር ጣቢያ ላይ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ወደ ኤርፖርት የሚሄደው ባቡር ውስጥ ስገባ፣ ፊት ለፊቴ አንዲት ወጣትና አርባ ምንጭ ሊሄዱ የተነሱ አጎቷ ይጨቃጨቃሉ።

"ጋሼ፣ የወባውን ክኒን ዛሬውኑ ስታርት ያድርጉ አላልኩም?"

"ተወልጄ ያደግሁበት አገር እኮ ነው። ወባዋ ታውቀኛለች።"

"ረስታዎታለች! እዚህ ውጭ አገር ይህን ሁሉ ዓመት ሲቀመጡ ሰውነትዎም እሷን መከላከል ረስቷል።"

"ታዲያ አንቺ ላቦራቶሪ የምትውዪው ለምንድን ነው? ክትባቱን ስጪኝና ልገላገል።"

"የእኛው ገና ነዋ! ወባ ደማችን ውስጥ ገብታ ስኳር ፈጭታ የምትኖርበት ኢንዛይም አላት። ሰውነታችን ያንን ኢንዛይም እንዲያጠቃ ማስተማር ይቻል እንደሆነ እየሞከርን ነው።"

"ሶ፣ ልታስጾሟት ነው። ጥሩ! ምን አስቸገረ?"

"እኛም የሚመስለው ኢንዛይም አለን። ሰውነታችን ተሳስቶ ራሱን እንዳያጠቃ ልዩነቱን መፈለግ አለብን።"

"እስካሁን ፍለጋ ላይ ናችሁ? ኤዲያ!"

"ለዚህ ነው ክኒኑን ይዋጡ የምለው! የት አለ?"

"ሻንጣ ውስጥ። አርባ ምንጭ ላለችው እናትሽ ነው የያዝኩት።"

"ጋሼ! ለእርስዎ የታዘዘ መድኃኒት እኮ ነው!"

"አንቺስ አምና ስትሄጂ የታዘዘልሽን ለማን ሰጠሽ?"



"ለእማዬ። ወባ ይዛኝ ተመልሼ ሆስፒታል መተኛቴንስ ረሱት?"

"አልረሳሁም። እናትሽ ግን እስከ ዛሬ ትመርቅሻለች።"

እኔም የታዘዘልኝን ክኒን ለአገር ቤት ዘመድ የቋጠርኩበትን ሻንጣዬን ቀስ ብዬ በእግሬ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋ አደረግሁት።